«ኦቲዝም አለብኝ መሰለኝ»፦ ሐኪም ጋ ከመቅረባችሁ በፊት በሁለት ሳምንት የምትሠሩት ሥራ

ሥራዬ የአእምሮ ጤና ክፍል ውስጥ ሰው ተቀብሎ ታሪኩን መመዝገብ ነው። ሐኪሙ ከማየቱ በፊት እኔ ጋ ይቀመጣሉ። በዚህ የተነሳ ዘመድም፣ ጓደኛም፣ የማላውቀው ሰውም አንድ ጥያቄ ይልክልኛል፦ «ኢንተርኔት ላይ ባየሁት ቪዲዮ የተባለው ሁሉ እኔ ላይ አለ። ኦቲዝም አለብኝ ማለት ነው?» ኦቲዝም ከልጅነት የሚጀምር፣ ከሰው ጋር መግባባትን የሚያስቸግር የዕድገት ሁኔታ ነው። የሚጠየቀው ስም አንዳንዴ ኤዲኤችዲ (የትኩረት ማጣትና የመቅበጥበጥ ችግር) ይሆናል፣ አንዳንዴ ባይፖላር (ስሜት ለቀናት ወይም ለሳምንታት ከልክ በላይ ከፍና ዝቅ የሚልበት ሕመም)፣ አንዳንዴ ድብርት። ጥያቄው ግን ያው ነው። ለእያንዳንዱ ለየብቻው ስመልስ ስለቆየሁ እዚህ ሰብሰብ አድርጌ አስቀመጥኩት።

ጥርጣሬያችሁን ናቁት አልልም። ዕድሜ ልካቸውን ሳይታወቅላቸው ኖረው መጨረሻ ላይ ራሳቸው በትክክል የጠረጠሩ ሰዎች አሉ፤ በተለይ ሴቶች። ነገር ግን ጥርጣሬ መነሻ ነው እንጂ ውጤት አይደለም። ሐኪም ጋ ይዛችሁ የምትገቡት የበሽታውን ስም ሳይሆን ኑሯችሁን ይሁን። ከዚህ በታች ያለው ኑሯችሁን እንዴት አሰባስባችሁ እንደምትይዙ ነው።

መጀመሪያ ይህን አንብቡ

ከሚከተሉት አንዱ ካለ መመሪያውን ተዉትና ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ሂዱ። ብቻችሁን አትሂዱ።

- ራስን የማጥፋት ወይም የመጉዳት ሐሳብ
- ሌላው ሰው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ የማያየውን ነገር ማየት
- ለቀናት ጥቂት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ድካም አለመሰማት፣ ከዚያ ጋር የንግግር መፍጠንና ያለ ልክ ገንዘብ ማውጣት
- ምግብና ውኃ እስከ መተው ያደረሰ ድብርት

እነዚህ ሁለት ሳምንት አይጠብቁም።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ «እስቲ ያለ እሱ ራሴን ልየው» ብላችሁ አታቋርጡ። የድብርት መድኃኒት በድንገት ሲቆም ማዞር፣ ማቅለሽለሽና መረበሽ ሊያመጣ ይችላል። እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማስታገሻዎች ደግሞ ለረጅም ጊዜ ተወስደው በአንድ ጊዜ ሲቆሙ የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊያስከትሉ ይችላሉ።

የሚያስፈልጋችሁ

- አንድ ደብተርና እስክሪብቶ (ስልክም ይሆናል፤ ደብተር ግን ወደ ቪዲዮ አይወስዳችሁም)
- 14 ቀን
- ልጅ ሆናችሁ የሚያውቃችሁ አንድ ሰው፦ እናት፣ አክስት፣ ታላቅ እህት
- የድሮ የትምህርት ቤት ሪፖርት ካርዶች፣ ከተገኙ
- የምትወስዱት መድኃኒት ሁሉ ዝርዝር፣ ከነመጠኑ
- በቅርቡ ያደረጋችሁት የደም ምርመራ ውጤት፣ ካለ

1. ቪዲዮ ማየቱን ለ14 ቀን አቁሙ

ስለ በሽታው የሚያወሩ ቪዲዮዎችን፣ ግሩፖችን፣ አጫጭር ፈተናዎችን ሁሉ። ከባዱ ደረጃ ይህ እንደሆነ አውቃለሁ። መጀመሪያ የመጣውም ያለ ምክንያት አይደለም።

አንድ ቪዲዮ እስከ መጨረሻው ካያችሁ ስልኩ አሥር ይጨምርላችኋል። ከሳምንት በኋላ ዓለም በሙሉ ስለ እናንተ የሚያወራ ይመስላል። ያ ማስረጃ አይደለም፤ የስልኩ አሠራር ነው። ይዘቱም ቢሆን ችግር አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ አንድ ጥናት ቲክቶክ ላይ በብዛት ከታዩት ስለ ኤዲኤችዲ የሚያወሩ 100 ቪዲዮዎች ውስጥ 52ቱ አሳሳች መሆናቸውን አግኝቷል። ሌላም አለ። ምልክቶቹን በቃላችሁ ካወቃችኋቸው በኋላ ደብተሩ ላይ የምትጽፉት ያያችሁትን ሳይሆን የሰማችሁትን ይሆናል።

2. ችግሩን ስም ሳትጠሩ በሦስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«ኦቲዝም»፣ «ኤዲኤችዲ»፣ «ትራውማ» የሚሉትን ቃላት ሳትጠቀሙ። ምን እያስቸገራችሁ ነው? ከመቼ ጀምሮ? ምን አሳጣችሁ? ለምሳሌ፦ «ሥራ በገባሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ከባልደረቦቼ ጋር እጋጫለሁ። ሦስት ሥራ ለቅቄአለሁ። ሰው ምን እንደጠበቀብኝ የሚገባኝ ካለፈ በኋላ ነው።»

ይህን የምታደርጉት ስም ከችግር ስለሚቀድም ነው። አንዴ «ኦቲስቲክ ነኝ» ካላችሁ፣ ከስሙ ጋር የማይሄደውን ነገር ሳታውቁት ትጥሉታላችሁ።

3. ለ14 ቀን በአራት ዓምድ መዝግቡ

ከቻላችሁ ጊዜ ስጡት፤ የሥራው ልብ እዚህ ነው። ዓምዶቹ እነዚህ ናቸው፦ ምን ተፈጠረ፤ የትና ከማን ጋር፤ በውስጤ ምን ነበር፤ ምን አስከፈለኝ። ማታ ማታ አሥር ደቂቃ ይበቃል።

«ዛሬም ከሰው ጋር መግባባት አቃተኝ» ብላችሁ አትጻፉ። ያ ፍርድ ነው፤ ሐኪሙ ከሱ የሚያወጣው ነገር የለም። እንዲህ ጻፉ፦

«ማክሰኞ ከሰዓት። ስብሰባ ላይ አለቃዬ ‹እሱን በኋላ እናየዋለን› አለች። ስብሰባው ሲያልቅ ወረቀቴን ይዤ በሯ ላይ ቆምኩ። ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ። ስትወጣ ገረማት። ‹ተወው› ለማለት እንደሆነ ኋላ የነገረኝ ባልደረባዬ ነው። የቀረውን ሰዓት ሥራ አልሠራሁም።»

አሁን ሌላ ሰው ስለዚያው ስብሰባ የጻፈውን እዩ፦ «‹ተወው› ማለቷ እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። ግን አንድ ነገር ብናገር ሞኝ ነው ትለኛለች ብዬ ፈራሁ። ሌሊቱን ስብሰባውን ደጋግሜ ሳስብ አደርኩ።»

ሦስተኛው ደግሞ፦ «ምን እንዳለች አልሰማሁም። እሷ ስታወራ እኔ የጠዋቱን የስልክ ንግግር እያሰብኩ ነበር።»

ሦስቱም ቢጠየቁ «ስብሰባ ላይ መግባባት ያቅተኛል» ይላሉ። ሦስቱም ያንን ቪዲዮ ቢያዩ «ይሄ እኔ ነኝ» ይላሉ። ግን የመጀመሪያው የተነገረውን ቃል እንዳለ ወስዶታል፤ ስለ ኦቲዝም መጠየቅ ያስኬዳል። ሁለተኛው ሁሉም ገብቶታል፣ ያሰረው ፍርሃት ነው፤ ይህ ወደ ማኅበራዊ ጭንቀት ያመለክታል። ሦስተኛው ትኩረቱ ሌላ ቦታ ነበር፤ ኤዲኤችዲ ሊሆን ይችላል፣ ሌሊት አለመተኛትም ሊሆን ይችላል። አንድ መስመር ማንንም አይወስንም። የአሥራ አራት ቀን መስመሮች ግን መልክ ያሳያሉ። ለዚህ ነው «በውስጤ ምን ነበር» የሚለውን ዓምድ በፍጹም አትዝለሉት የምለው።

የተሳካላችሁንም መዝግቡ። ከሰው ጋር ተመችቷችሁ የዋላችሁበት ቀን ካለ፣ ከማን ጋርና የት እንደነበር ጻፉ። ሰው ሁሉ ይህን ይረሳል። ችግሩ በሥራ ቦታ ብቻ ከሆነና ቤት ከሌለ፣ ምናልባት የሚመረመረው ሥራ ቦታው ነው።

4. ወደ ልጅነት ተመለሱ

ኦቲዝም በሃያ አምስት ዓመት አይጀምርም። ምልክቱ በመጀመሪያዎቹ የዕድገት ዓመታት የነበረ መሆን አለበት፤ ኑሮ እስኪከብድ ድረስ ተሸፍኖ ሊቆይ ቢችልም። ኤዲኤችዲም ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት፣ ከአንድ በላይ በሆነ ቦታ መታየት አለበት፦ ቤትም ትምህርት ቤትም። ሁሉም ነገር ባለፈው ዓመት ከጀመረ፣ ባለፈው ዓመት ምን ተፈጠረ የሚለው ጥያቄ ይቀድማል። ሐዘን፣ ወሊድ፣ የሥራ ለውጥ፣ አዲስ መድኃኒት?

ስትጠይቁ መልሱን አትስጡ። «እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ሰው ዓይን አላይም ነበር አይደል?» ካላችሁ እናት ልጇን ለማስደሰት «አዎ» ትላለች። «እማዬ፣ ልጅ ሆኜ ከልጆች ጋር እንዴት ነበር የምጫወተው?» በሏትና ዝም በሉ። ከዚያ «ምን ያስለቅሰኝ ነበር?»፣ «መናገር መቼ ጀመርኩ?» በሉ። ያለችውን በራሷ ቃል ጻፉ። የሚጠየቅ ሰው ከሌለ የመምህራን አስተያየት ያለበት ሪፖርት ካርድ ትልቅ ነገር ነው። መምህሩ የዛሬውን ጥርጣሬያችሁን አያውቅም ነበርና።

5. አካላችሁን አስመርምሩ

አጠቃላይ ሐኪም ጋ ሂዱና ድካም፣ የትኩረት ማጣት ወይም የልብ መምታት እንዳለባችሁ ተናገሩ። ብዙ ጊዜ የሚታዩት እነዚህ ናቸው፦

- ታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ)። ሆርሞኑ ሲያንስ ድካምና ድብርት ይመስላል። ሲበዛ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ጭንቀት ይመስላል።
- የደም ማነስ፣ የብረትና የቫይታሚን ቢ12 እጥረት። ድካም፣ መርሳት፣ ጭንቅላት አለመሥራት።
- እንቅልፍ። በኃይል የሚያንኮራፋና በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሹ የሚቆራረጥ ሰው ቀን ላይ ትኩረቱ የተበተነ ይሆናል። አብሯችሁ የሚተኛውን ሰው ጠይቁ።
- የምትወስዱት ነገር። እንደ ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶች ስሜትንና እንቅልፍን ይቀይራሉ። አልኮልና የበዛ ቡናም እንዲሁ። መጠኑን ሳታሳንሱ ጻፉ።
- ጆሮ። በደንብ አለመስማት «ከሰው ጋር አይግባባም» ተብሎ ሊታለፍ ይችላል።

የታይሮይድ ችግር ኦቲዝም አያመጣም፤ ተገኘ ማለትም ሌላው የለም ማለት አይደለም። ነገር ግን በቀላሉ የሚታከመው መጀመሪያ ይታከም። ከዚያ የሚቀረው ይታያል።

6. የማጣሪያ መጠይቅ አንድ ጊዜ ብቻ ሙሉ

ኢንተርኔት ላይ ያሉት መጠይቆች ሁሉ ውሸት አይደሉም። ባለ 50 ጥያቄው ኤኪው ለኦቲዝም፣ ባለ 9 ጥያቄው ፒኤችኪው ለድብርት፣ ባለ 7 ጥያቄው ጋድ ለጭንቀት በባለሙያዎችም ይሠራባቸዋል። ግን ማጣሪያ ናቸው፤ ሥራቸው «ይህ ሰው በደንብ ይታይ» ማለት ነው። «አለበት» አይሉም።

ለምን እንደሆነ በቁጥር ላሳያችሁ። ለማስረዳት የወሰድኩት ምሳሌ ነው። 1000 ሰው መጠይቁን ሞላ እንበል፤ ከነሱ 10ሩ በእርግጥ ኦቲዝም አለባቸው። መጠይቁ ጎበዝ ነው፤ ካለባቸው 10 ሰዎች 9ኙን ይይዛል፣ ከሌለባቸውም ከአሥሩ ዘጠኙን በትክክል «የለም» ይላል። ከሌለባቸው 990 ሰዎች ግን በ99ኙ ይሳሳታል። ስለዚህ «አለባችሁ» የተባሉት 108 ናቸው፤ በእርግጥ ያለባቸው 9 ብቻ። ከመቶ 8 ገደማ መሆኑ ነው። በምክንያት ጠርጥሮ የሚሞላ ሰው ዕድሉ ከዚህ ከፍ ይላል። ቢሆንም ነጥቡ ያው ነው፦ ጥሩ መጠይቅ እንኳ ብዙ ሰው ያለ ምክንያት ያስደነግጣል። ጭንቀትና ድብርት ያለበት ሰውም የኦቲዝም መጠይቅ ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ሊያመጣ ይችላል።

አሞላሉ፦ ሰላም ባለው ቀን፣ ቶሎ ቶሎ፣ በመጀመሪያ በመጣላችሁ መልስ። ነጥቡ ያነሰ ስለመሰላችሁ ደግማችሁ አትሙሉ፤ ሁለተኛው ጊዜ የምትመልሱት መጠይቁን እያወቃችሁ ነው። ከነጥቡ ይልቅ «አዎ» ያላችሁባቸውን ጥያቄዎች ያዙና ለእያንዳንዱ ከደብተሩ አንድ ምሳሌ ፈልጉ። ምሳሌ ያልተገኘለትን ሰርዙት።

ማስጠንቀቂያ፦ የፒኤችኪው 9ኛ ጥያቄ ስለ ሞትና ራስን ስለ መጉዳት ሐሳብ ነው። መልሳችሁ «በፍጹም» ካልሆነ፣ ጠቅላላ ነጥቡ ዝቅተኛ ቢሆንም ያንኑ ቀን ለሰው ተናገሩ።

7. «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» በሉ

ለጠረጠራችሁት ነገር ቢያንስ ሁለት ተፎካካሪ አስቡ። ለመመርመር አይደለም፤ ለሐኪሙ በር ክፍት ለመተው ነው። በተደጋጋሚ የሚምታቱት እነዚህ ናቸው፦

ስሜት መቀያየር ሁሉ ባይፖላር አይደለም። ማኒያ የሚባለው ከልክ ያለፈ የደስታና የጉልበት ጊዜ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ቀለል ያለው ሃይፖማኒያ ቢያንስ አራት ቀን የሚቆይ ነው። ጠዋት ደስ ብሏችሁ ማታ መከፋት ከዚህ አይቆጠርም። በተቃራኒው ግን፣ «ድብርት» ብሎ የመጣ ሰው ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ የደስታና የጉልበት ሳምንት አሳልፎ ከነበረ መናገር አለበት። ባይፖላር ያለበት ሰው የድብርት መድኃኒት ብቻውን ሲወስድ ወደ ማኒያ ሊገባ ይችላል።

ዕቃ አሰልፎ ማስቀመጥ መውደድም ኦሲዲ አይደለም። ኦሲዲ ላይ ሐሳቡ የማይፈለግ ነው፤ ድርጊቱም ጭንቀቱን ለማብረድ ተገድዶ የሚደረግ ነው፤ ብዙ ጊዜም በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ኦቲዝም ላይ ግን ልማዱ ራሱ ሰውየውን ያረጋጋዋል፣ ደስም ይለዋል።

ድብርት ከሐዘን የሚለየው ቢያንስ ሁለት ሳምንት፣ ቀኑን አብዛኛውን፣ በየቀኑ ማለት ይቻላል ሲቆይና ኑሮን ሲያውክ ነው። «አስፐርገርስ ነው ወይስ ኦቲዝም?» ብላችሁ ደግሞ አትድከሙ። አስፐርገርስ ድሮ ለብቻው የሚሰጥ ስም ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ፣ ዲኤስኤም-5 (የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች የምርመራ መመሪያ) ከወጣ በኋላ፣ ሁለቱ በአንድ ስም ተጠቃለዋል።

አንዱ ሌላውን እንደማያስቀርም አስታውሱ። ኦቲዝምና ጭንቀት፣ ኦቲዝምና ኤዲኤችዲ በአንድ ሰው ላይ አብረው ይገኛሉ።

8. ሁሉንም በአንድ ገጽ አሳጥሩ

ሐኪሙ ደብተሩን ሁሉ የሚያነብበት ጊዜ የለውም። ከላይ በደረጃ 2 የጻፋችኋቸው ሦስት ዓረፍተ ነገሮች፤ ቀጥሎ ከደብተሩ አራት ምሳሌ፤ ከልጅነት ሁለት ምሳሌ፤ የቤተሰብ የአእምሮ ጤና ታሪክ በአንድ መስመር፤ መድኃኒቶችና የደም ውጤት። መጨረሻ ላይ ከጥርጣሬያችሁ ጋር የማይሄዱ ሁለት ነገሮች። ይህ የመጨረሻው መስመር ሰው ሁሉ የሚዘለው ነው። እኔ ግን ገጹን ስቀበል መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው፤ ሰውየው በእውነት ማወቅ እንደሚፈልግ የሚነግረኝ እሱ ነውና።

9. ቀጠሮው ላይ

እንዲህ ብላችሁ ጀምሩ፦ «እነዚህ ነገሮች ከልጅነቴ ጀምረው ያስቸግሩኛል። ኦቲዝም ሊሆን ይችላል ብዬ ጠርጥሬአለሁ። ሌላ ነገር ከሆነም ማወቅ እፈልጋለሁ።» «ኢንተርኔት አንብቦ መጣ» እንዳትባሉ ብላችሁ ጥርጣሬውን አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጥርጣሬም እንደዚያው ነው።

ኦቲዝምን የሚያረጋግጥ የደም ምርመራም ሆነ የጭንቅላት ራጅ የለም። በዚያ አረጋግጥላችኋለሁ ብሎ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ ተነሥታችሁ ውጡ። የአዋቂ ምርመራ ዝርዝር የልጅነት ታሪክ፣ ረጅም ቃለ ምልልስና ባለሙያው በዓይኑ የሚያየው ነገር ተደምሮ ነው። ሰዓታት ይፈጃል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ቀጠሮ በላይ።

ስለዚህ በአሥር ደቂቃ ስም ተሰጥቷችሁ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ በትሕትና እነዚህን ጠይቁ፦ «የትኞቹን ምልክቶች አይተው ነው?»፣ «ሌላ ምን አስበው ነበር፣ ለምንስ ተዉት?»፣ «መድኃኒቱ ለየትኛው ምልክት ነው? መሥራቱን መቼ እናያለን?» ያለ ልክ ስም መስጠት የሚመጣው ከታካሚ ብቻ አይደለም። ጥሩ ባለሙያ በእነዚህ ጥያቄዎች አይከፋም። መልስ ካላገኛችሁ ሁለተኛ ሐኪም ማየት መብታችሁ ነው።

ለልጃችሁ ከሆነ

እዚህ ላይ ምክሬ ይለያል፦ 14 ቀን አትጠብቁ። ልጁ በ12 ወሩ ስሙ ሲጠራ ካልዞረ፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል ካልተናገረ፣ በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ካላገናኘ፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ ይናገር የነበረውን ካቆመ፣ ዛሬ ቀጠሮ ያዙ። የጆሮ ምርመራም አብራችሁ ጠይቁ።

ትምህርት ቤት «ኤዲኤችዲ ይመስለናል» ካላችሁ ደግሞ የልጁን ዕድሜ ከክፍል ጓደኞቹ ጋር አወዳድሩ። በብዙ አገር የተደረጉ ጥናቶች ከክፍሉ በዕድሜ ትንሹ የሆነ ልጅ ይህ ስም በብዛት እንደሚሰጠው አሳይተዋል። አሥራ አንድ ወር የሚበልጠው ልጅ አጠገብ ተቀምጦ ሲታይ ሕፃንነቱ በሽታ ይመስላል። ይህንን ለሐኪሙ ንገሩት።

በብዛት የማያቸው ስሕተቶች

- የጓደኛን መድኃኒት «ለመሞከር» መውሰድ። የኤዲኤችዲ መድኃኒት ያልታመመውንም ሰው ያነቃዋል፤ ስለዚህ «ሠራልኝ» ማለት ምንም አያረጋግጥም። የልብ ችግር ላለበት ደግሞ አደገኛ ነው።
- ውጤቱ ከመምጣቱ በፊት ለሥራ ቦታና ለዘመድ ሁሉ መናገር። ከዚያ በኋላ «አይደለም» የሚል መልስ መቀበል በጣም ይከብዳል።
- ምልክቱን እየቆጠሩ ጉዳቱን መርሳት። ኑሮን፣ ሥራን ወይም ግንኙነትን በግልጽ ያላወከ ነገር ጠባይ ሊሆን ይችላል።
- ቀጠሮ እስኪደርስ እጅን አጣጥፎ መጠበቅ።

10. እስከ ቀጠሮው ድረስ

ስም የማይጠይቅ እርዳታ ብዙ አለ። ጫጫታ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ተጠቀሙ። አለቃችሁን «መመሪያውን በጽሑፍ ላኪልኝ» በሏት። በተመሳሳይ ሰዓት ተኙ፣ ተነሡ። ከስብሰባ በኋላ አሥር ደቂቃ ብቻችሁን ሁኑ። የረዳችሁን ደብተሩ ላይ ጨምሩት፤ ለሐኪሙ ይጠቅመዋል።

መልሱ «ኦቲዝም አይደለም» ከሆነ ተስፋ ቆርጣችሁ አትውጡ። ገጹን መልሳችሁ ሐኪሙ ፊት አስቀምጡና «ታዲያ እነዚህን አራት ነገሮች ምን ያስረዳቸዋል? አሁን ምን እናድርግ?» በሉት። መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ፣ የሚቀጥለውን ቀጠሮ ቀን ይዛችሁ ውጡ፣ ደብተሩንም አትጣሉት።